ደንስ ሪቨር ፏፏቴ፣ ጃማይካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፏፏቴው የት ነው? ከሌሎቹስ በምን ይለያል?

በጃማይካ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ፣ ሴንት አን በሚባለው አውራጃ ውስጥ ይገኛል። የቅርቡ ከተማ ኦቾ ሪዮስ ሲሆን ፏፏቴው ከከተማው ወደ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው 55 ሜትር፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው ያለው ርዝመት ደግሞ 180 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ውኃው ከገደል አፋፍ ዘሎ የሚወድቅ እንዳልሆነ ይገባዎታል፤ እርከን በእርከን እየተንደረደረ ነው የሚወርደው። የመጨረሻውን እርከን ሲጨርስ አሸዋውን አቋርጦ ቀጥታ ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ይገባል።

እዚህ የሚመጣ ሰው ታች ቆሞ፣ ፎቶ አንስቶ አይመለስም። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ፣ በሚወርደው ውኃ ውስጥ ዓለቱን እየረገጠ እስከ አናቱ ይወጣል። ጫማው፣ ሰዓቱ፣ የሚያዘው ዕቃ፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው።

እርከኖቹን ሰው ነው የሠራቸው?

የለም፣ ውኃው ራሱ ነው። ከጃማይካ ምድር ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀለውና ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በሚያልፍበት ሁሉ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት ያሟማል። በምንጭ በኩል ብቅ ብሎ ዓለት ላይ መጋጨትና መረጨት ሲጀምር ጋዙ ይተናል፤ ያን ጊዜ የተሸከመውን ኖራ መያዝ ስለማይችል እዚያው ያራግፈዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሎ አድሮ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው። እንዲህ የተጋገረው ዓለት ትራቨርቲን ይባላል። ውኃው ይበልጥ በሚናወጥበት ጠርዝ ላይ ብዙ ኖራ ስለሚከማች ጠርዙ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ከኋላው ደግሞ ገንዳ ይፈጠራል። ግንባታው ዛሬም አልቆመም፤ ለዚህ ነው ጃማይካውያን ፏፏቴውን ሕይወት ያለው የሚሉት።

ይህን ማወቅ ለእግር ትልቅ ጥቅም አለው። ውኃ በኃይል የሚፈስበት ነጭ አረፋ ያለበት ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ሻካራ ነው፣ ጫማ ይይዛል። ውኃው ቀስ የሚልበት፣ ጥላ የሚበዛበትና አረንጓዴ የለበሰው ቦታ ደግሞ አልጌ ያበቀለ ነውና እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ዓይን ግን በተቃራኒው ያታልላል፦ አረፋው ያስፈራል፣ ጸጥ ያለው ይጋብዛል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ጸጥ ያለው ላይ ነው።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ደረቁ ወቅት ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ውኃው የጠራ፣ አየሩ ለስለስ ያለ ይሆናል፤ በዚያው ልክ ሆቴሉም ይወደዳል፣ ሰውም ይበዛል። በታኅሣሥና በጥር ከሰሜን አሜሪካ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር አንዳንዴ ሰሜናዊውን ዳርቻ ለአንድ ሁለት ቀን ስለሚያዘንብበትና ባሕሩን ስለሚያናውጠው፣ ለፏፏቴው የሚሆን አንድ ትርፍ ቀን መያዝ ጥሩ ነው።

ዝናቡ የሚበረታው አንድ ጊዜ በግንቦትና በሰኔ፣ ሁለተኛ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ከሁሉም ጥቅምት ይብሳል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ተብሎ የተለየው ደግሞ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ያለው ጊዜ ነው። ይህን ዝም ብሎ የወረቀት ወሰን አድርገው አይዩት፤ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. መሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በመጨረሻው፣ በ5ኛው የኃይል ደረጃ ላይ ሆኖ የደሴቲቱን ደቡብ ምዕራብ መትቷል። በእነዚህ ወራት የሚሄዱ ከሆነ ቀኑ የሚቀየር ቲኬትና ገንዘብ የሚመልስ ሆቴል ይያዙ።

ለእኛ ምርጡ ጊዜ መጋቢትና ሚያዝያ ነው።

በቀን ውስጥስ ስንት ሰዓት ላይ?

ከወሩ ይልቅ የጉብኝቱን ጣዕም የሚወስነው ሰዓቱ ነው። ፓርኩ በመደበኛ ቀን የሚከፈተው ጠዋት 2:30 ላይ ሲሆን ጎብኚ የሚገባው እስከ ከሰዓት 10:00 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ የሚያዩት ማስታወቂያ 8:30 እና 4:00 ይላል። ልዩነቱን ልብ ይበሉ፤ “አስር ሰዓት ላይ እንገናኝ” ብሎ ከሹፌር ጋር የተቃጠረ ሰው በእነሱ ስሌት ረፋድ 4:00 ላይ ነው የሚጠበቀው። ጃማይካ ከኢትዮጵያ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም።

ትልቁ ጉዳይ የመዝናኛ መርከቦቹ ናቸው። ኦቾ ሪዮስ ወደብ ላይ፣ አንዳንዴም ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት በሚርቀው ፋልማውዝ አንድ መርከብ ሲቆም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይወርዳሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በአውቶቡስ ወደዚሁ ፏፏቴ ይመጣሉ። በመርከብ ቀን ፓርኩ ቀደም ብሎ፣ ጠዋት 1:00 ላይ ሊከፈት ይችላል። ከ3:30 እስከ 7:00 ባለው ጊዜ እርከኖቹ ላይ ወረፋ ይያዛል፤ አንዱ ቡድን ፎቶ እስኪነሳ ሌላው ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የሁለቱ ወደቦች የመርከብ መርሐ ግብር ከወራት በፊት ስለሚወጣ ሆቴልዎን ይጠይቁና መርከብ የሌለበትን ቀን ይምረጡ። ካልተቻለ በሩ ሲከፈት ይግቡ፣ ወይም ከሰዓት 8:00 ካለፈ በኋላ ይሂዱ። የከሰዓቱ ጉድለት ዝናቡ ነው፤ በሞቃት ወራት ከተራራው በኩል የሚመጣው ነጎድጓዳማ ዝናብ የሚበዛው ያኔ ነው።

እሑድና በዓላት፣ በተለይ የባርነት ማብቂያ የሚከበርበት ሐምሌ 25 እና የነጻነት ቀን የሆነው ሐምሌ 30፣ ጃማይካውያን ራሳቸው ከነቤተሰባቸው የሚወጡባቸው ቀናት ናቸው። ያን ቀን ግርግሩ ደስ የሚል ግርግር ነው። ጸጥታ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

መግቢያው ስንት ነው?

ከውጭ ለሚመጣ አዋቂ 25 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ለልጆች ይቀንሳል፣ ለጃማይካ ነዋሪዎች ደግሞ መታወቂያ ሲያሳዩ በአገሩ ገንዘብ የሚከፈል ዝቅ ያለ ዋጋ አለ። ዋጋው አልፎ አልፎ ስለሚከለስ በሚሄዱበት ሳምንት ያረጋግጡ። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1972 የገዛው መንግሥት ሲሆን የሚያስተዳድረውም የመንግሥት የከተማ ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቲኬት የሚቆረጠው በር ላይ ወይም በፓርኩ በራሱ መሸጫ ነው። መንገድ ላይ “እኔ ላስገባዎ” ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ።

የቀረው ወጪ ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላል፦ የጫማ ኪራይ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን፣ የአስጎብኚው ጉርሻ፣ የቪዲዮ ቀራጩ ሂሳብ። አስጎብኚው ከመግቢያው ጋር የሚሰጥ አገልግሎት ቢሆንም ጉርሻ ይጠበቃል፤ በሰው ከ5 እስከ 10 ዶላር መስጠት ተገቢ ነው እንላለን። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው ግን ሌላ ነው። ሲጀመር ሳይጠይቅ ይቀርጽዎታል፣ ሲያልቅ ይሸጥልዎታል። ካልፈለጉ ገና ታች እያሉ “አልፈልግም” ይበሉት፤ ላይ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል።

የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ 160 የጃማይካ ዶላር አካባቢ ነው። በአሜሪካ ዶላር ሲከፍሉ መልሱ ብዙ ጊዜ በጃማይካ ዶላር፣ እሱም በሻጩ ስሌት ይመጣል፤ ስለዚህ የ1 እና የ5 ዶላር ዝርዝር ኖቶች ይያዙ።

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ምን ሰነድ ያስፈልጋል?

ቀጥታ በረራ የለም፤ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ በኩል ነው የሚደረሰው። ስለዚህ ከጃማይካ መግቢያ ፈቃድ ሌላ የሚያልፉበት አገር የመተላለፊያ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድመው ማጣራት አለብዎት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዋናው ቪዛ ሳይሆን በመተላለፊያው ነው።

ሁለተኛው የሚረሳ ነገር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊተላለፍባቸው ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ጃማይካ ሲገቡ ካርዱን ይጠየቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው፤ የዋዜማ ክትባት አያስገባም። አንዴ ከተከተቡ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሲ5 የተባለውን የመግቢያ ቅጽ ደግሞ ከመነሳትዎ በፊት በኢንተርኔት መሙላት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም፣ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ካገኙ ትክክለኛው አይደለም።

ከአውሮፕላን ማረፊያ እንዴት እደርሳለሁ?

ሞንቴጎ ቤይ ካለው የሳንግስተር ማረፊያ ተነስቶ በባሕሩ ዳር መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከኪንግስተን በኩልም ርቀቱ ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ በሙሉ የተከፈተው የክፍያ አውራ ጎዳና ተራራውን አቋርጦ ማሚ ቤይ ላይ ያወጣዎታል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ፏፏቴው ቅርብ ነው። መኪና የሚከራዩ ከሆነ በጃማይካ የሚነዳው በግራ በኩል መሆኑን አይርሱ።

በአውቶቡስ መሄድ ለሚፈልግ ናትስፎርድ ኤክስፕረስ ሁለቱንም ከተሞች ከኦቾ ሪዮስ ጋር ያገናኛል። ከኦቾ ሪዮስ ታክሲ ሲይዙ ሰሌዳው ቀይ መሆኑን ይመልከቱ፤ ቀይ ሰሌዳ የሌለው ፈቃድ ያለው ታክሲ አይደለም። ሹፌሩ “ቻርተር” ካለዎት መኪናውን ብቻዎን ተከራዩ ማለት ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ተጋርተው መሄድ ከፈለጉ ይህንኑ ይንገሩትና ዋጋውን ሳይገቡ ይጨርሱ።

ምን ልልበስ? የግድ የውኃ ጫማ ያስፈልጋል?

አዎ፣ ያስፈልጋል። ከዚህ ገጽ አንድ ምክር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ። ነጠላ ጫማ በመጀመሪያው እርከን ላይ ከእግር ወልቆ ይሄዳል። በባዶ እግር ደግሞ ትራቨርቲኑ እንደ ሞረድ ይፍቃል፣ የእግር ጣትንም ይሰብራል። ወፍራም የስፖርት ጫማ ውኃ ሲሞላ ይከብዳል፣ ሶሉም እርጥብ ዓለት ላይ አይጨብጥም። የሚሆነው ተረከዝን የሚሸፍን፣ ሶሉ ለስላሳ ላስቲክ የሆነ፣ ልክክ ያለ ጫማ ነው። ደርቆ ሲለካ ትንሽ ጠበቅ ይበል፤ እርጥብ ሲሆን ይለጠጣልና። በር ላይ ይከራያል፣ ግን ብዙ ሰው የተጫማው ጫማ ሶሉ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል ገልብጠው ይዩት፤ ጥርሱ ከጠፋ ሌላ ይጠይቁ።

ልብስ በዋና ልብስ ላይ አጭር ቁምጣና ገላን የሚይዝ ቲሸርት ቢሆን ጥሩ ነው። ሰፊ ሸሚዝና ረጅም ቀሚስ ውኃው ይዞ ይጎትታቸዋል። የወታደር ዥጉርጉር ልብስ በጃማይካ ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሻንጣዎ ውስጥም አይጨምሩት።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመግባትዎ 20 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፣ ከዚያ መዳፍዎንና የእጅ አንጓዎን በሳሙና ይታጠቡ። የተቀባ እጅ የያዘውን ሰው ያመልጠዋል። ቀለበትዎንም ሆቴል ይተዉት፤ ጣት በቀዝቃዛ ውኃ ይኮማተርና ሳይታወቅዎ ይወልቃል። መነጽር ከሆነ ከኋላ በገመድ ይታሰር።

አወጣጡ እንዴት ነው? በትክክል ምን አደርጋለሁ?

በጎን ባለው ደረጃ መጀመሪያ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ። አስጎብኚው ቡድኑን ያሰልፋል፣ እጅ ለእጅ ያያይዛል፣ እሱ ከፊት ሆኖ የሚረገጠውን ቦታ ያሳያል። ፎቶ ለማንሳት ከሚቆመው ጊዜ ጋር መውጣቱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።

ከመነሳትዎ በፊት ውኃው ውስጥ ቁጭ ብለው ትከሻዎ ድረስ ይረጠቡ። የወንዙ ውኃ ከባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ በድንገት ደረትዎን ሲመታው ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ትንፋሹ ሲቆረጥ እግር ይስታል። ከለመዱት በኋላ ደስ ይላል።

እግርዎን ሲያነሱ ሌላኛው ሙሉ በሙሉ መቆሙን ያረጋግጡ። አዲሱን ቦታ መጀመሪያ በጫማዎ ጫፍ ዳስሰው፣ ከዚያ ሙሉ ሶልዎን አሳርፈው፣ በመጨረሻ ክብደትዎን ያሳልፉ። ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፍ፣ ሰውነትዎ ወደ ዓለቱ ዘንበል ይበል። ቀጥ ብሎ መቆም የሚያምረው ለፎቶ ነው፤ ሲንቀሳቀሱ ግን ወደ ኋላ ይጥላል። እግርዎን አያጠላልፉ። አረፋው የሸፈነውን ጠርዝ ይመኑት፣ አረንጓዴውን ይራቁት። ዛፍና ሐረግ ይዘው ራስዎን አይሳቡ፣ ይነቀላል።

ውኃ ፊትዎ ላይ በሚወርድበት ቦታ አንገትዎን ወደ ጎን አዙረው በአፍ ይተንፍሱ። ገንዳዎቹ ውስጥ ሲገቡ እየዳሰሱ ይራመዱ፤ አንዱ ጉልበት ድረስ ሆኖ የሚቀጥለው እርምጃ ደረት ድረስ ሊሆን ይችላል። ከእርከን ወደ ገንዳ መዝለል በፍጹም አይገባም፤ አረፋው ሥር ያለው ድንጋይ አይታይም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጨረሻው ሲሶ ላይ ነው። እግር ደክሟል፣ አናቱ ታይቷል፣ ልብ ቀድሞ ደርሷል። እዚያ ላይ ሆን ብለው ፍጥነትዎን ይቀንሱ።

እጅ ለእጅ መያያዙ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ሁለቱም። ሚዛን ለሚያጣ ሰው ድጋፍ ነው፣ ቡድኑም አይበታተንም። ጉዳቱ አንዱ ሲወድቅ ግራና ቀኙ ያሉትን ይዞ መውደቁ ነው። ስለዚህ ጣት ከጣት አይቆላልፉ፤ አንዱ የሌላውን የእጅ አንጓ ይያዝ። እንዲህ ሲሆን ሲያስፈልግ መደገፍም፣ ሲያስፈልግ መልቀቅም ይቻላል። ከፊትዎ ያለው ሰው ከቸኮለ “ቆይ” ለማለት አይፈሩ። በጣም ቀጥ ያለ እርከን ላይ ሲደርሱ ሰንሰለቱን ለቀው ሁለት እጅዎን ዓለቱ ላይ ያድርጉ፣ ካለፉ በኋላ ይያያዙ። አስጎብኚዎቹ ይህን ይረዳሉ፤ ይንገሯቸው ብቻ።

ዋና አልችልም፤ ልጅም ይዣለሁ። ይሆናል?

ለመውጣት ዋና መቻል አያስፈልግም፤ መንገዱ በአብዛኛው ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ ነው። ለአስጎብኚው ግን ገና ሲጀመር ይንገሩት፣ ጥልቅ ገንዳዎቹን አዙሮ ያሳልፍዎታል። ታች ያለው ባሕር ሌላ ነገር ነው፤ ዋና የማይችል ሰው ወንዙ ከሚገባበት ቦታ ርቆ ዳር ላይ ይቆይ። እዚያ ቦታ ላይ ጎንበስ ብለው ውኃውን ቢያዩት ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ይርገበገባል፦ ቀላሉ የወንዝ ውኃ በጨዋማው ላይ ተንሳፎ ሲቀላቀል ነው። እጅዎን ሲያስገቡ ላዩ ቀዝቃዛ፣ ሥሩ ሞቃት ነው።

ልጅን በተመለከተ ዋናው ነገር የቅልጥሙ ርዝመት ነው። እርከኖቹ ለአዋቂ ጉልበት ድረስ ስለሆኑ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይወጣቸውም። ልጅን ትከሻ ላይ ወይም ጀርባ ላይ አድርጎ መውጣት ለሁለቱም አደጋ ነው፤ አያድርጉት። ትንንሾቹ ታች ባሉት ጎድጓዳ ያልሆኑ ገንዳዎች ይጫወቱ።

ነፍሰ ጡር ሴት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ጉልበቱን ወይም ዳሌውን የታከመ፣ ሚዛን የሚያስት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባይወጣ ይመከራል። እንዲህ ያለ ሰው ምንም አይቀርበትም፤ ጎን ለጎን የሚሄደው ደረጃ በየመሀሉ ማረፊያና መመልከቻ ስላለው ቤተሰቡን እያየ እኩል መሄድ ይችላል። በዚሁ ደረጃ የጀመሩትን አቋርጠው መውጣትም ይቻላል፤ የደከመ ሰው “ልጨርሰው” ብሎ ራሱን አያስገድድ።

ፏፏቴው የሚዘጋበት ጊዜ አለ?

አለ። ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ መብረቅ ሲኖርና የወንዙ መጠን ሲያድግ መውጣት ይከለከላል። ፏፏቴው ጋ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሱ። ደራሽ ከመምጣቱ በፊት ምልክት አለው፦ የጠራው ውኃ ይደፈርሳል፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ይጀምራል፣ ድምፁ ይወፍራል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ቅርቡ ዳር ይውጡ። ወደ ታች ለመሮጥ አይሞክሩ።

ክፍት ቁስል ካለዎት፣ በተለይ ከዝናብ ማግስት፣ ባይገቡ ይሻላል፤ ጎርፍ የእንስሳት ሽንት ስለሚያጥብ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው በሽታ በቁስል በኩል ይገባል። ተፈቅፍቀው ከወጡ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። የወንዙን ውኃ አይጠጡ። ዴንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ስለምትነክስ ከውኃ ሲወጡ መከላከያ ይቀቡ። ከባድ ጉዳት ቢደርስ አምቡላንስ በ110፣ ፖሊስ በ119 ይጠራል።

ስልኬንና ገንዘቤን የት ላድርግ?

የሚቆለፍ ሳጥን ይከራያል፤ ፓስፖርትና ብዙ ገንዘብ ግን ከመጀመሪያውም ሆቴል ይቅር። ስልክ ይዘው መውጣት ከፈለጉ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ይግዙ፤ ከመሄድዎ በፊት ስልኩን አውጥተው በምትኩ ሶፍት ይክተቱበትና ለ10 ደቂቃ ባልዲ ውስጥ ይንከሩት። ሶፍቱ ከረጠበ ከረጢቱ ያፈስሳል። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ገመድ ዓለት ላይ ይጠላለፋልና አጠር አድርገው ቲሸርቱ ውስጥ ያስገቡት። በእጅ ስልክ ይዞ መውጣት ግን አንድ እጅ ማጣት ነው።

መውጫው ላይ ያሉት ሻጮች ለምን ይጫኑኛል?

የመውጫው መንገድ በዕደ ጥበብ ገበያው መሀል ስለሚያልፍ ነው። የተለመደው አካሄድ ስምዎን መጠየቅ ነው፤ ከነገሯቸው የተቀረጸው እንጨት ላይ ስምዎን ጽፈው “ይኸው፣ የእርስዎ ሆኗል” ይላሉ። ለመግዛት ካላሰቡ ስምዎን አይንገሩ፣ ዕቃውንም አይቀበሉ፤ ፈገግ ብለው፣ “አይ፣ አመሰግናለሁ” ብለው ይለፉ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ኑሯቸው ነው። መግዛት ከፈለጉም ደስ የሚል ቅርጻ ቅርጽ አለ፤ ከተጠራው ዋጋ ግማሽ ብለው መጀመር እዚያ ነውር አይደለም።

በጾም ወቅት የምበላው አገኛለሁ?

በቀላሉ። ራስታዎች “አይታል” የሚሉት ምግብ በአትክልት፣ በጥራጥሬና በኮኮናት ወተት የሚሠራ ነው፤ ሥጋ የለበትም፣ ጨውም እምብዛም አይገባበትም። አንዳንዱ ቤት ዓሣ ስለሚጨምር ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ይጠይቁ። ሩዝና ቦሎቄው ብዙውን ጊዜ በኮኮናት ወተት ይበስላል፣ ቅቤ ግን ጨምረውበት እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም። ከመውጣትዎ በፊት ግን በጣም አይጥገቡ፤ ቀለል ያለ ነገር ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት በልተው ይግቡ።

በአካባቢው ሌላ ምን ይታያል?

ብሉ ሆል ከኦቾ ሪዮስ ወደ ተራራው ወጣ ብሎ ያለ ገንዳና ፏፏቴ ነው፤ ከደንስ ሪቨር ያነሰ፣ ሰውም የማይበዛበት። ለታሪክ ወዳድ ሴንት አንስ ቤይ ቅርብ ናት፤ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1887 የተወለደው እዚያ ነው። ወደ ኮረብታው አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ ደግሞ ቦብ ማርሊ የተወለደባትና የተቀበረባት ናይን ማይል መንደር ይደርሳሉ።

ፏፏቴው አካባቢ ራሱ ታሪክ አለው። ስፔናውያን ቦታውን ላስ ቾሬራስ፣ ማለትም ፏፏቴዎቹ፣ ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1657 ደሴቲቱን ለማስመለስ ከኩባ የመጣውን የስፔን ጦር እንግሊዞች ድል ያደረጉት እዚሁ ዳርቻ ላይ ነው። ኦቾ ሪዮስ የሚለው ስምም በስፔንኛ “ስምንት ወንዞች” ማለት ቢሆንም ስምንት ወንዝ የለም፤ ላስ ቾሬራስ በእንግሊዞቹ አፍ ተጣምሞ የመጣ ነው ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ባንዲራ በየሱቁ ያዩታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ራስታዎች እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ከየት እንደመጡ ከተናገሩ ስለ ሻሸመኔ ይጠይቁዎታል፣ የሚያውቋትን አንድ ሁለት የአማርኛ ቃልም ይሞክሩብዎታል። ጊዜ ሰጥተው ያናግሯቸው፤ ታክሲው ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይደል።